ለአንጎል የሚበጀው ማብቂያ ያለው ውጥረት ነው

«ትንሽ ውጥረት ለጤና ይበጃል» የሚለው ምክር ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በየጤና አምዱና በየቪዲዮው ይደጋገማል። በረዶ ውሃ ውስጥ መግባት፣ ምግብ መዝለል፣ ላብ በላብ እስኪሆኑ መሮጥ እርጅናን ያዘገያሉ፣ አንጎልንም ያጠነክራሉ ይባላል። ሐሳቡ መሠረተ ቢስ አይደለም። የሚያሳስበኝ ግማሹ ብቻ መነገሩ ነው። ሰውነት ራሱን የሚጠግነው ውጥረቱ ካለፈ በኋላ፣ ፋታ ሲያገኝ ነው። ይህን ክፍል ቆርጠን ስንጥለው፣ ቀድሞውኑ ለዛለ ሰው ሌላ ሸክም እንጨምርለታለን።

ግኝቱ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 ጀርመናዊው የመድኃኒት ተመራማሪ ሁጎ ሹልዝ፣ እርሾን የሚገድሉ ኬሚካሎች እጅግ ሲቀጥኑ እርሾውን ጭራሽ እንደሚያነቃቁት አስተዋለ። ክስተቱ «ሆርሜሲስ» የሚለውን ስም ያገኘው በ1943 ነው። ዛሬ በሴል ውስጥ ምን እንደሚካሄድ በተሻለ ይታወቃል። ሙቀት፣ ረሃብ ወይም የጡንቻ ሥራ ሴሉን መጠነኛ አደጋ ላይ ሲጥለው፣ ሴሉ የራሱን መከላከያ ኢንዛይሞች ያመርታል፤ ቅርጻቸው የተበላሸ ፕሮቲኖችን የሚያቃኑ ረዳት ፕሮቲኖችን ያሰማራል፤ ያረጁ ክፍሎቹን አፍርሶ መልሶ ይጠቀምባቸዋል። ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ በ2016 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ይህን የመጨረሻውን ሂደት በማብራራቱ ነው። ለአንጎል ደግሞ ጉዳዩ የተለየ ክብደት አለው። አብዛኞቹ የነርቭ ሴሎች በአዲስ አይተኩም፤ ዕድሜ ልክ ማገልገል አለባቸው። የአልዛይመርና የፓርኪንሰን በሽታዎች አንዱ መለያም የተበላሹ ፕሮቲኖች በአንጎል ውስጥ መከማቸታቸው ነው።

ውጥረቱ ራሱ መልእክት መሆኑን በ2009 ይፋ የሆነ አንድ ጥናት በግልጽ አሳይቷል። ሰዎች ለ4 ሳምንት ስፖርት ሲሠሩ፣ ከፊሎቹ በየቀኑ 1,000 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲና 400 ዩኒት ቫይታሚን ኢ ይወስዱ ነበር። ክኒኑን ያልወሰዱት ሰዎች ሰውነት ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ተሻሻለ፤ በወሰዱት ላይ ግን መሻሻሉ አልታየም። ሊጠብቃቸው የታሰበው ቫይታሚን፣ ጡንቻው «ተጎዳሁ፣ ተዘጋጁ» ብሎ የሚልከውን ምልክት አፍኖታል። ጤነኛ ሰው እነዚህን ክኒኖች በብዛት የሚውጥበት ምክንያት ለእኔ ከዚያ ወዲህ አይታየኝም።

አሁን መጠኑን እንመልከት። በ2011 የታተመ ሌላ ጥናት 120 አረጋውያንን ለአንድ ዓመት ተከታተለ። ግማሾቹ በሳምንት 3 ቀን ፈጠን ብለው ይራመዱ ነበር፤ እስከ 40 ደቂቃ ያህል። ሂፖካምፐስ የሚባለውና ለትውስታ ወሳኝ የሆነው የአንጎላቸው ክፍል በ2 በመቶ ገደማ ጨመረ፤ ሰውነታቸውን ብቻ ሲያፍታቱ የቆዩት ግን ቀነሰባቸው። በሳምንት 3 ጊዜ 40 ደቂቃ ማለት 2 ሰዓት ነው። ሳምንቱ 168 ሰዓት አለው። 166ቱን ማን ይቁጠርልን? ምክር ሰጪዎቹ ስለ 2ቱ ሰዓት ብቻ ያወራሉ።

ውጥረቱ ሳያቋርጥ ሲቀጥል ያው የአንጎል ክፍል ከዋነኞቹ ተጎጂዎች አንዱ ይሆናል። የነርቭ ሳይንቲስቱ ብሩስ ማክዩወን በ1968 በአይጦች ላይ ባደረገው ሥራ፣ ሂፖካምፐስ የውጥረት ሆርሞንን አጥብቆ እንደሚይዝ አሳየ። ሆርሞኑ ለአጭር ጊዜ ሲጨምር ትውስታን ያነቃል። ለሳምንታት ከፍ ብሎ ሲቆይ ግን በእንስሳት ላይ እንደታየው የነርቭ ሴሎቹ ቅርንጫፎች ያጥራሉ። በሰው ላይም ተመራማሪዎቹ ኤሊሳ ኤፔልና ኤልዛቤት ብላክበርን በ2004 ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ልጅ የሚያስታምሙ እናቶችን አጠኑ። የማስታመሙ ዘመን በረዘመ ቁጥር፣ ከሴል እርጅና ጋር የሚያያዘው የክሮሞሶሞቻቸው ጫፍ አጥሮ ተገኘ።

ብዙ የሚጠቀሰውን የፊንላንድ የሳውና ጥናትም በዚሁ ዓይን አየዋለሁ። ከ2,315 ወንዶች ውስጥ በሳምንት ከ4 እስከ 7 ጊዜ ሳውና የገቡት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ከገቡት ይልቅ ለአእምሮ መዘንጋት የመጋለጥ ዕድላቸው በ66 በመቶ ያነሰ ነበር። ቁጥሩ ያማልላል። ነገር ግን ምልከታ ነው እንጂ ሙከራ አይደለም፤ በየቀኑ ሙቀት ውስጥ ተቀምጦ መዝናናት የሚችል ሰው ጊዜም ጤናም ያለው ነው።

ስለዚህ ምክሩ ሰው ሳይለይ መሰጠቱ ይቁም። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ቢጾም ስኳሩ አደገኛ በሆነ መጠን ሊወርድ ይችላል፤ የልብ ሕመምተኛን ድንገተኛ ቀዝቃዛ ውሃ ሊጎዳው ይችላል። በሁለት ሥራ መካከል የሚሮጥና ሌሊቱን በአግባቡ የማይተኛ ሰው የጎደለው ውጥረት አይደለም። የመዘንጋት በሽታ የያዛቸውን እናቷን ቀን ከሌት የምታስታምም ሴት ሐኪም ዘንድ ስትሄድ፣ ስለ ቀዝቃዛ ሻወር ከመስማቷ በፊት «በሳምንት ሁለት ሌሊት የሚተካሽ ሰው አለ?» ተብላ ልትጠየቅ ይገባል። ከሌለም ሰው መፈለግ የሕክምናው አካል ይሁን።