ክርክር፦ የመድኃኒት ቅጠል በጉልት መሸጥ ይከልከል?

የክርክሩ ርዕስ፦ «ለመድኃኒትነት የሚውሉ ዕፅዋት ያለ ፈቃድ በጉልትና በመንገድ ዳር እንዳይሸጡ ይከልከል።» ደጋፊው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ሥር ባለ መድኃኒት ቤት የሚሠራ ፋርማሲስት ነው። ተቃዋሚዋ ሱሉልታ ላይ የመድኃኒት ተክሎች ችግኝ የሚያፈሉ፣ ቅጠሉንም ሽሮ ሜዳ አውርደው የሚሸጡ እናት ናቸው።

ከየካ አባዶ

ጓሮ ውስጥ ያለ ጤና አዳም ይነቀል የሚል የለም። ቡናው ላይ ጣል ይደረግ፣ ደስ ይላል። እኔ የምናገረው ስለ ሽያጭ ነው። ለስኳር፣ ለደም ግፊት፣ ለጉበት፣ ለሁሉም ይሆናል እየተባለ በፌስታል ተቋጥሮ ስለሚሸጠው ቅጠልና ዱቄት ነው።

መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ቆሜ የማየው ያሳስበኛል። ለደም መርጋት ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ነጭ ሽንኩርት በላይ በላዩ ይውጣል። ሁለቱ ሲደራረቡ የመድማት አደጋ ይጨምራል። ነፍሰ ጡር ሴት ሆዴን ቆረጠኝ ብላ ጤና አዳም አፍልታ ትጠጣለች። ጤና አዳም ማህፀንን የሚያነሳሱ ንጥረ ነገሮች አሉት፤ ጽንስ ሊያስወርድ ይችላል። የሸጠላት ሰው «እርጉዝ ነሽ ወይ?» ብሎ አልጠየቃትም።

መጠኑስ? ክኒን ላይ 500 ሚሊ ግራም ተብሎ ተጽፏል። አንድ እፍኝ ቅጠል ውስጥ ስንት አለ? በክረምት የተቀጠፈና በበጋ የተቀጠፈ እኩል አይሆንም። አፈሩ፣ የተክሉ ዕድሜ፣ አደራረቁ ሁሉ ይለውጠዋል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ በቅጠል ዳነ የሚባለው ሰው ሁሉ ምንም ባይወስድም በራሱ ጊዜ የሚድን ነበር። ጉንፋን ነው፣ ምች ነው፣ በሳምንት ይለቃል። ምስጋናውን ግን ቅጠሉ ይወስዳል።

ከሱሉልታ

«በቅጠል ዳነ የሚባለው ሰው ሁሉ በራሱ ጊዜ የሚድን ነበር» አልክ። ሁሉ! እስቲ ልጄ፣ የኮሶ ትል በራሱ ጊዜ ይለቃል? ጥሬ ሥጋ የሚወድ አገር ክኒን ሳይመጣለት ያን ሁሉ ዘመን በምን ዘለቀ? የሴቴዋ ኮሶ አበባ ይለቀማል፣ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ በውሃ ተበጥብጦ በባዶ ሆድ ይጠጣል። ትሉ ይወጣል። አውሮፓውያን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከዚህ ወስደው ሐኪሞቻቸው ሲያዙት የነበረ መድኃኒት ነው። እነሱም በራሱ ጊዜ ለሚድን በሽታ ነው ያዘዙት?

እንዶድንም ላንሳ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ወርደው፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዝያን የሚያዛምቱት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙበት ሥራ የተጀመረው ከልብስ አጣቢዎች እግር ሥር ነው። ዳማከሴንም የዚሁ አገር ተመራማሪዎች በአይጥ ላይ ሞክረው ትኩሳት እንደሚያወርድ ጽፈዋል።

እኔ ይህን ሥራ ከእናቴ ነው የተረከብኩት። እንደ ኮንትሮባንድ ሲቆጠር ዝም ብዬ አላይም። ከምድር የበቀለ ነገር ክፋት የለውም፤ ክፋት ከሰው ነው የሚመጣው።

ከየካ አባዶ

«ከምድር የበቀለ ነገር ክፋት የለውም።» እትዬ፣ ይህን ዓረፍተ ነገር ነው እኔ የምፈራው። የሚገዙዎት ሰዎች ይዘውት የሚሄዱት እሱን ነው።

ከሱሉልታ ወደ ከተማ ሲወርዱ ቆሻሻ የተደፋበት ዳር ሁሉ አስተናግር አለ። ነጭ ጡሩምባ የመሰለ አበባ፣ እሾሃም ፍሬ። ውስጡ አትሮፒንና ስኮፖላሚን የሚባሉ ኃይለኛ ንጥረ ነገሮች አሉበት። የዋጠው ሰው አፉ ይደርቃል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ልቡ ይሮጣል፣ ይቃዣል። ከበዛበት ይሞታል። ይህ ከሰማይ ወረደ? እንዶዱስ ቢሆን ቀንድ አውጣውን የገደለው በምን ሆነና? በመርዝነቱ እኮ ነው። የጠቀሱት ምስክር ለእኔ ነው የሚመሰክረው።

ስለ ተመራማሪዎች ካነሱ እኔም ላንሳ። ቻይናዊቷ ቱ ዮዮ ለወባ መድኃኒት በ2015 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልመዋል። መድኃኒቱ የተገኘበት ተክል የኛ የጭቁኝ ዘመድ ነው። ቅጠሉን በሙቀት ሲያወጡት ኃይሉ ይጠፋ ነበር። በዝቅተኛ ሙቀት፣ ኤተር በሚባል ማሟሚያ ፈሳሽ ሲያወጡት ነው ወባን የሚገድለው አርቴሚሲኒን በደንብ የተገኘው። ዛሬም የዓለም ጤና ድርጅት ቅጠሉን እንደ ሻይ አፍልቶ ወባ ማከምን አይመክርም። ቅጠልን መድኃኒት ያደረገው ላቦራቶሪ ነው።

ከሱሉልታ

ኮሶን ዘለልከው። አየሁህ።

ወደ ቻይና ከሄድክ ደግሞ ታሪኩን አትቁረጠው። ቱ ዮዮ ሙቀቱን መቀነስ እንዳለባቸው የጠረጠሩት ከ1,600 ዓመት በላይ የሆነው የመድኃኒት መጽሐፍ ሲያነቡ ነው። መጽሐፉ ቅጠሉን በውሃ ዘፍዝፈህ ጨምቀህ ጠጣ ይላል፤ አፍላው አይልም። ላቦራቶሪው የተጠቀመው የቀድሞ ሰዎችን እጅ ነው። የኛም እናቶች ነጭ ሽንኩርት ወቅጠው ጥቂት አቆይተው ነው ከማር ጋር የሚሰጡት። አሊሲን የሚባለው ኃይለኛ ነገር በሙሉው ፍሬ ውስጥ የለም፤ ሲወቀጥ ነው የሚፈጠረው። ስሙን አያውቁትም ነበር። አሠራሩን ግን ያውቁታል።

አስተናግር አልሸጥም። ሸጬም አላውቅም። ለምን እንደማይነካ ያስተማረችኝ እናቴ ናት እንጂ የመድኃኒት ቤት ማስታወቂያ አይደለም። ደግሞ ያንኑ አትሮፒን የፀረ ተባይ መርዝ ለጠጣ ሰው ሆስፒታል ውስጥ ትወጉት የለም ወይ? ስለዚህ ተክሉን አትክሰሰው።

አሁን እኔ ልጠይቅህ። ዋርፋሪን የሚወስደው ሰውዬ ነጭ ሽንኩርት እንደሚውጥ ለሐኪሙ ለምን አልነገረም? እኔ ልንገርህ፤ ስለሚቆጡት ነው። አንድ ጊዜ ጉልበቴን አሞኝ ጤና ተቋም ሄጄ ምን እየወሰድኩ እንደሆነ ስናገር ያከመኝ ልጅ ሳቀብኝ። ከዚያ ወዲያ ለማንም አልተናገርኩም። የኔም ደንበኞች እንዲሁ ናቸው። ይከልከል ስትል የምታገኘው ይህንን ነው፤ ሰው መውሰዱን አይተውም፣ መደበቁን ያጠነክራል።

ከየካ አባዶ

የሳቀብዎት ባለሙያ አጥፍቷል። በሽተኛ የሚናገረውን ሰምቶ የሚስቅ ሰው መስኮት ላይም አልጋ አጠገብም መቆም የለበትም።

ኮሶን አልዘለልኩም። መጠኑ ሲያልፍ የዓይን ነርቭ እንደሚጎዳ፣ የታወሩም ሰዎች እንዳሉ ሐኪሞች ከቆዩ ዘመን ጀምሮ ጽፈዋል። ትሉን የሚያስወጣውና ዓይን የሚያጠፋው ያው አንድ አበባ ነው። ልዩነቱ መጠን ነው፤ መጠኑን ደግሞ ጉልት ላይ የሚለካ የለም። ዛሬ ለዚሁ ትል በሰውነት ክብደት ተሰልቶ አንዴ የሚዋጥ ፕራዚኳንቴል የሚባል ክኒን አለ።

አንድ ሌላ ነገር። እርስዎ ሱሉልታ ላይ በንጹህ ውሃ ያለሙ ይሆናል። ሁሉም ሻጭ ግን እንደ እርስዎ አይደለም። ከተማውን አቋርጦ የሚወርደው የአቃቂ ወንዝ የፋብሪካ ፍሳሽ ይዞ ነው የሚሄደው። በዚያ ውሃ በሚለማ ቅጠላ ቅጠል ውስጥ እንደ ካድሚየምና እርሳስ ያሉ ከባድ ብረቶች በተደጋጋሚ ተገኝተዋል። ገዢው የያዘው እስር ከየት ማሳ እንደመጣ በምን ያውቃል? ቢያንስ የተክሉ ስም፣ የበቀለበት ቦታና ማን መውሰድ እንደሌለበት ተጽፎ ይሸጥ።

ከሱሉልታ

ርዕሱ ይከልከል ነበር። አሁን ተጽፎ ይሸጥ ሆነ። ይሁን፣ በዚህኛው እንነጋገር።

ማን ይጻፈው? እኔ የማውቀውን አውቃለሁ። ግራዋ ለምን እንደሚመር፣ ጥቁር አዝሙድ ሲቆይ ለምን ሽታው እንደሚለቅ፣ የትኛው ቅጠል ጥላ ውስጥ መድረቅ እንዳለበት። ከባድ ብረት ግን በዓይኔ አላይም። እንዲመረመርልኝ ብፈልግ የት ነው የምወስደው? በስንት ብር? ይህ መልስ ሳያገኝ ፈቃድ አውጪ ቢሉኝ፣ ከገበያ የምወጣው እኔ ነኝ። የወንዙን ውሃ የሚያጠጣው ሰው በማታ ይሸጣል። ጥንቃቄ ያደረገ ሁሉ ከወጣ ሽሮ ሜዳ ላይ ምን ይቀራል?

ከእንጦጦ እስከ ሱሉልታ ያለውን ተመልከት። ባሕር ዛፍ ነው። የኮሶ ዛፍ ልታይ ብትፈልግ ወደ መናገሻ ሱባ ጫካ መሄድ አለብህ። እኔ ችግኝ አፍልቼ የምሸጠው ዝርያው ከነእውቀቱ እንዳይጠፋ ነው። አንተ ስለ ጉልቱ ስትጨነቅ ተክሉ ራሱ እያለቀ ነው።

ከየካ አባዶ

ስለ ዛፉ ከእርስዎ ጋር ነኝ፤ ይተከል። ምርመራውም በሻጩ ኪስ መሆን የለበትም፤ መንግሥት ይቻለው። ነገር ግን ጤና አዳምና ነፍሰ ጡር ያልኩትን ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ አልመለሱልኝም። ኮሶን ዘለልክ ያሉኝ እርስዎ ነዎት፤ ይህን ግን አንድም ጊዜ አልነኩትም። «ከምድር የበቀለ ክፋት የለውም» ያሉትንም አላነሱትም፤ አስተናግር አልሸጥም ብለው አለፉት። የማይሸጡት ክፋት ስላለው አይደለም እንዴ?

እኔ ከሰኞ ጀምሮ መድኃኒት ስሰጥ ምን ቅጠል እየወሰዱ እንደሆነ ሰው ሳላሳፍር እጠይቃለሁ። የሚነግረኝንም ፋይሉ ላይ እጽፋለሁ። እርስዎም ሽሮ ሜዳ ላይ ጤና አዳም ለመጠጥ የምትፈልግ ወጣት ስትመጣ እርጉዝ መሆኗን ይጠይቋት። ለጨጓራ፣ ለልብ፣ ለደም ግፊት ክኒን የሚወስዱ ካሉ መጀመሪያ ሐኪማቸውን ይጠይቁ ይበሏቸው። ይህን የማይጠይቅ ሻጭ ግን እርስዎን ቢመስልም፣ እናቱም ባለሙያ ብትሆን፣ ቅጠል ይሽጥ የሚለውን አልቀበልም።