ችግኝ ተካይ ወገኖቼ፣ ክበሩልኝ!

ዕፅዋት በምን ሁኔታ እንደሚያድጉ በመመራመር እኛን የሚያህል የለም።

ብራስልስ የተወለደው ተመራማሪ ቫን ሄልሞንት በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ምን ሲሠራ ኖረ? ከ2 ኪሎ ትንሽ የምትበልጥ የአኻያ ችግኝ ገንዳ ውስጥ ተክሎ 5 ዓመት ውሃ አጠጣ። ዛፉ 77 ኪሎ ገደማ ደረሰ። አፈሩን አድርቆ ሲመዝነው የጎደለው 60 ግራም እንኳ አይሞላም። (ዛፉን ያሳደገው ውሃ ብቻ ነው ብሎ ደመደመ፤ አየሩን ረስቶ።) ለአንዲት ዛፍ 5 ዓመት! ያውም አንድ ፎቶ ሳይነሳ!

የእኛ ሰው በ20 ደቂቃ ይገላገለዋል። ጉድጓዱን የቀን ሠራተኛ ቀድሞ ቆፍሮታል። አለቃ አዲሱን ቲሸርት በሸሚዙ ላይ ደርቦ ይመጣል፣ ጎንበስ ይላል፣ ካሜራውን ያያል፣ ችግኟን ከነጥቁር ላስቲኳ ጉድጓድ ውስጥ ዱብ ያደርጋታል። ላስቲኩን ረስተውት እንዳይመስላችሁ! ሥር ላስቲክ ውስጥ ተጠምጥሞ ስንት ወር እንደሚቆይ እየተጠና ነው።

ፈሪ ተመራማሪ አንድ ነገር ብቻ ይለውጣል። አንድ ዓይነት ዘር፣ አንድ ዓይነት አፈር፤ ግማሹን ያጠጣል፣ ግማሹን ይተዋል። እኛ ግን ላስቲኩን፣ የበጋውን ፀሐይ፣ የሰፈሩን ፍየልና የከርሞውን መንገድ ሥራ ባንዴ እንለቅባታለን። ከሞተች ገዳዩ ማን እንደሆነ አይታወቅም። ማንም አይጠየቅማ!

ማነጻጸሪያ የላችሁም የሚለን ደግሞ አይጠፋም። አለን እንጂ። እዚያው አጠገብ ማንም ሳይተክለው የበቀለ ግራር ለምልሞ ቆሟል። ሪፖርት ላይ ግን አይገባም፤ ማን ተከለው ይባላል?

በመረጃ አያያዝማ አንታማም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በ12 ሰዓት ውስጥ 353,633,660 ችግኝ ተተከለ ተብሎ ተነግሮናል። መጨረሻ ያሉት 60ዎቹ እንኳ አላመለጡም። በጥቅምት ሄዶ ስንቱ ጸደቀ ብሎ መቁጠር ግን ነገር መፈለግ ነው። በዚያ ላይ በጥቅምት ቲሸርት አይታደልም።

ሙከራ ካልተደገመ አይታመንም ይባል የለ? እኛም ከርሞ እንደግመዋለን። ቦታው ያው ነው፤ ጉድጓዱም የአምናው ነው፣ ትንሽ ጠረግ ማድረግ ብቻ ነው።