ያልተወራረደ ብር ሁሉ የተበላ አይደለም

«ኦዲተሩ አልተወራረደም ያለው ብር ሁሉ ተበልቷል፤ ፓርላማው ታዲያ ለምን አያስራቸውም?» ላልከው ወንድሜ፣ ሁለቱም ላይ እርማት አለኝ።

አራት ኪሎ አካባቢ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኛውን መስክ ሲልክ 20,000 ብር በቅድሚያ ሰጠው እንበል። ሰውየው ሥራውን ጨርሶ ይመለሳል፣ ደረሰኞቹ ግን በላስቲክ እንደታሰሩ መሳቢያ ውስጥ ይከርማሉ፣ ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ሲዘጋም ብሩ በስሙ ተሰብሳቢ፣ ማለትም በደረሰኝ ገና ያልተወራረደ ሂሳብ፣ ሆኖ ይታያል። ጥፋት ነው፣ አዎ። ሌብነት መሆኑ ግን ገና አልተረጋገጠም። (ደረሰኙ ለዓመታት ካልመጣ እኔም እጠረጥራለሁ፣ አልዋሽህም።)

ማሰሩን በተመለከተ፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 101 መሠረት ዋና ኦዲተሩን በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት የሚሾመው የተወካዮች ምክር ቤት ነው። ሪፖርቱም የሚቀርበው እዚያው ነው። ከዚያ የመንግሥት ወጪን የሚከታተለው ቋሚ ኮሚቴ የመሥሪያ ቤቱን ኃላፊዎች ጠርቶ ግኝቱን አንድ በአንድ እያነሳ ያፋጥጣል፣ የማስተካከያ ዕቅድ አምጡ ይላል። «በሂደት ላይ ነው» የምትለዋን መልስ በቴሌቪዥን ሳትሰማት አትቀርም። ካቴና ግን የለውም። ምርመራው የፖሊስ፣ ክሱ የዐቃቤ ሕግ፣ ፍርዱ የፍርድ ቤት ሥራ ነው።

ኮሚቴውን መውቀስ ካማረህ ደግሞ አምና የተነሳ ግኝት ዘንድሮም ለምን ተደገመ በለው። እሱ ላይ አብሬህ ነኝ።