ሃምሳ ሎሚ በወፍጮ ቤት

ባለፈው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ ደብረ ማርቆስ ከሰፈራችን ወፍጮ ቤት ጤፍ ለማስፈጨት ወረፋ ይዤ ሳለሁ መብራት ጠፋ። ከፊቴ 11 ጆንያ ተደርድሮ ነበር። ባለወፍጮው «መቼ እንደሚመጣ አላውቅም» ብሎ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ፤ ጆንያውን ጥሎ የሚሄድ ግን አልተገኘም። ከጮቄ በኩል የሚነፍሰው ብርድ ስለበረታ ሁላችንም ግድግዳውን ተጠግተን ተቀመጥንና ወሬ ተጀመረ።

ለክርክሩ ምክንያት የሆነው ከእኔ ቀድሞ ወረፋ የያዘ ጎረቤቴ ነው። የ3 ልጆች አባት ሲሆን ሚስቱ በአንድ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሥራ ትተዳደራለች። ጤፉን ራሱ በጋሪ አምጥቶ፣ ራሱ አስመዝኖ መቀመጡን የተመለከቱ አንድ ጡረተኛ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው፣ «ባለቤትህን አመማት እንዴ?» ብለው ጠየቁት። «ኧረ ደኅና ናት፤ ቅዳሜ ከሰዓት አብሮ አደጓ ቤት ሄዳ ስፌት ትሰፋለች» አለና ትንሹን ልጁን ከቤት ለማምጣት ወጣ። ገና ከደጃፉ ሳይርቅ ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አዬ ጊዜ! ባል ወፍጮ ቤት፣ ሚስት ጨዋታ ቤት!»

ከጎናቸው የነበረ አንድ ወጣት ሳቀላቸው። አንዲት የፍርድ ቤት ጸሐፊ ግን አልሳቀችም፤ በጆንያቸው ላይ የተቀመጡት አዛውንት እማማም አልሳቁም።

ጋሼ ሙግታቸውን በእናታቸው ጀመሩ። «እናቴ 9 ልጅ ወልዳ፣ በድንጋይ ወፍጮ ፈጭታ፣ ከወንዝ ውኃ ቀድታ፣ አንድ ቀን ደከመኝ ብላ አታውቅም። አብሮ አደግ፣ ጨዋታ፣ ስፌት ስትል አልሰማኋትም።» ከዚህ የተለየ ማስረጃ አላቀረቡም፤ ሦስት ጊዜ ቢጠየቁ ሦስቴም እናታቸውን ጠሩ። ወጣቱ በበኩሉ ሙዳይም መሶብም ከገበያ እንደሚገዛ፣ ካስፈለገም የፕላስቲክ እንዳለ ተናገረ፤ ስፌት የዕቃ ጉዳይ ብቻ መስሎት ነበር።

በዚህ ጊዜ እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው «አንተ ልጅ» አሉ ጋሼን፣ «እናትህ መጁን ስትይዝ ከጎኗ ማን ነበር? ምራቷ አልነበረችም? ውኃውንስ ታላቅ እኅትህ አልነበረችም የምትቀዳው? አራስ ስትሆን ገንፎውን ያገነፋላት ማን ነው? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ።» ጋሼ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ፤ ቀጥለውም «እርሱስ እኅቴ ታግዛት ነበር» ብለው አመኑ። እንግዲህ ያቺ ደከመኝ የማታውቅ እናት አንድ ሴት ብቻ አልነበረችም ማለት ነው፤ ምራት፣ ልጅ፣ ጎረቤትና አክስት በአንድ ስም ይጠሩ ነበር። ይህ እየታወቀ የዛሬዋን እናት ከእርሷ ጋር ማወዳደር በሚዛን ማጭበርበር ነው።

ስሟ የተነሣው የጎረቤቴ ሚስት አጥር ለአጥር ስለምንኖር ኑሮዋን አውቀዋለሁ። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ የወጥ ቤቷ መብራት ይበራል። የልጆቹን ቁርስ አብልታ፣ ምሳቸውን ቋጥራ፣ ረቡዕና ዓርብ ሲሆን ለሚጾመው የጾም፣ ለጾም ላልደረሰው ሕፃን የፍስክ ለይታ ሠርታ፣ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ከመሥሪያ ቤቷ ትገኛለች። ማታ ስትመለስ ሽሮው፣ የልጆቹ የቤት ሥራ፣ የሚታጠበው ልብስ ይጠብቃታል። እንጀራ የሚጋገርበት ዕለት ከሆነ ደግሞ አብሲት ጥላ፣ ሊጡ ኩፍ እስኪል ጠብቃ፣ ምጣዱን አግላ ስታበቃ መብራት ይጠፋል፤ ኩፍ ያለ ሊጥ ደግሞ መብራት ኃይልን አይጠብቅም፤ ስለዚህ እንጨት አንድዳ በጭስ ውስጥ ትጋግራለች። በወር አንድ ቀን የማርያም ማኅበር አለባት፤ የእድሩ ለቅሶ አለባት፤ የታመመ ትጠይቃለች። ለራሷ ያስቀረችው ቅዳሜ ከ8 እስከ 11 ሰዓት ያለውን ጊዜ ብቻ ነው። ያንን ሰዓት የምታሳልፈው ልጆች ሳሉ በመስከረም ከሜዳ ስንደዶና አክርማ አብራት ከለቀመች፣ የወስፌን አያያዝ ከአንዲት ባልቴት አብራት ከተማረች ጓደኛዋ ጋር ነው። አለላውን አቅልመው፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲሰፉ ለሌላ ሰው የማይነገረውን ይነጋገራሉ። ይህን የፕላስቲክ መሶብ ከየት አምጥቶ ይተካዋል?

ቅዳሜ ማታ በየካፌው ተደርድሮ 2 ሰዓት ሙሉ ኳስ የሚያየውን አባወራ «ልጆችህን ለማን ትተህ መጣህ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። ይህንኑ ለወጣቱ ብነግረው «እርሱ መዝናኛ ነው» አለ።

ጋሼ ወደ ሕግ ዞሩ። «ሕጉም ቢሆን ባል የቤተሰብ ራስ ነው ይላል።» የፍርድ ቤቷ ጸሐፊ በአክብሮት መለሰችላቸው። «ጋሼ፣ የሚሉት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። እርሱ ባልን የቤተሰብ ራስ ያደርግ ነበር፤ ባል ለሚስቱ የቤት ሠራተኛ ማቅረብ ካልቻለም የቤቱን ሥራ ራሷ እንድትሠራ ያስገድድ ነበር። ያ ቀርቷል። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ በ1992፣ የክልላችን ደግሞ በ1995 ሲወጣ ባልና ሚስት ቤተሰባቸውን በመምራት እኩል ሆነዋል።» እማማ ይህን ሰምተው ፈገግ አሉ። «አያችሁ፣ የድሮውም ሕግ ቢሆን አስቀድሞ የጠራው ሠራተኛ ነው። ለአንድ ሰው እንደሚበዛ ያውቅ ኖሯል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ አላልኋችሁም?» ጋሼ «ሕግ ሌላ፣ ኑሮ ሌላ» አሉ፤ ሕጉን የጠሩት ግን እርሳቸው ነበሩ።

እኔም ዝም ማለት ስላልቻልሁ ስለ ወንፈል አነሣሁ። በጎጃም አንድ ገበሬ አጨዳ ሲደርስበት ጎረቤቶቹ በወንፈል ይገቡለታል፤ ሥራው ከበረታበትም ደቦ ይጠራል፣ ጠላ ይጠመቃል፣ እየተዘፈነ ይታጨዳል። ያንን ገበሬ ሰነፍ ያለው የለም፤ ይልቁንም ሰው ያለው፣ የተወደደ ይባላል። ታዲያ ለማሳው 20 ሰው የሚጠራው ጀግና ከሆነ፣ ለማጀቷ አንድ ባሏን የጠራችው እንዴት ሰነፍ ትሆናለች? ጋሼ «እርሻና ማጀት አንድ አይደለም» ከማለት በቀር ልዩነቱን አላስረዱም። ቀጥለውም የሴት ሙያ ከምጣድ እንደማያልፍ ሲናገሩ በእውነት አዘንሁ። ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ለደቀ መዛሙርት ቅኔ ባስተማሩበት አገር፣ በዚህ በጎጃም፣ ይህ ቃል ከአንድ ሽማግሌ አፍ መውጣት አልነበረበትም።

የእኔ ፍርድ ግልጽ ነው፤ ጋሼ ተሳስተዋል። ሆኖም ጥፋቱ የእርሳቸው ብቻ አይደለም። ሸክሙ እንዳለ ሆኖ ተሸካሚው ተበትኗል። እኅቶች ወደ ዐረብ አገር ሄዱ፤ ሴት ልጆች፣ እሰየው፣ ትምህርት ቤት ገቡ፤ አያቶች ገጠር ቀሩ። አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው ሲጠጣ አንዷ ምስር ትለቅም፣ ሌላዋ የጎረቤቷን ልጅ ታዝል፣ ሦስተኛዋ በርበሬ ትቀነጥስ ነበር፤ ዛሬ ግን በቆርቆሮ አጥር ተከልለን፣ በሩን ከውስጥ ቆልፈን፣ ቡናውን ስልካችን ላይ እያፈጠጥን እንጠጣለን። ጎረቤት እየተጠራራ የሚጠጣው ቡና ሲቀር የቀረው ወሬው ብቻ አይደለም፤ የእናት ረዳትም አብሮ ቀርቷል። በዓል ሲመጣ ስለ እናት የማይዘፍን፣ የማያለቅስ የለም፤ ከዘፈኑ በኋላ ግን ያቺው እናት ብቻዋን ዕቃ ታጥባለች። አዲስ የሚባለው የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ እንኳ ለወለደች እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ሲሰጥ፣ ለአባት የፈቀደለት 3 ቀን ነው። በ3 ቀን ውስጥ አባት ስለ ልጁ ምን ሊማር ይችላል? ዳይፐር መቀየሩን ሳይለምድ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ከዚያም ዕድሜ ልኩን «አልችልበትም» እያለ ይኖራል፤ እኛም እናምነዋለን። የምትችለውን ደግሞ ስለቻለች ብቻ እንጨምርባታለን፤ ጨምረን ጨምረን አንድ ቀን ስትወድቅ «ምነው ሳትነግረን?» እንላለን። የት ተቀምጣ፣ ለማን ትንገር? የምትናገርባትን 3 ሰዓት እንኳ ቀንተን ልንቀማት አልነበር?

ወደ 11 ሰዓት ገደማ መብራት መጣ። ጎረቤቴ ትንሹን ልጁን ይዞ ተመልሶ ነበርና ተራው ሲደርስ ጤፉን አፈሰሰ፤ ልጁ የከረጢቱን አፍ በሁለት እጁ ይዞ፣ ቅንድቡ ዱቄት ለብሶ፣ በኩራት ቆመ። ጆንያው ሊታሰር ሲል ሚስቱ ከነጓደኛዋ መጣች፤ ጫፉ ገና ያልተቋጨ ሙዳይ በክንዷ ሥር ይዛለች፣ ወስፌዋ ሙዳዩ ላይ እንደተሰካ ነው። ሙዳዩን ለእማማ አስያዘችና ጆንያውን እርሷና ጓደኛዋ በአንድ ወገን፣ ባሏ በሌላ ወገን ይዘው ወደ ጋሪው አነሡት። እማማ ሙዳዩን እያገላበጡ አለላውን ምን እንዳቀለመችው ጠየቋት።