የበለስ ቁራጭ የእናት ዛፉን ታሪክ ይዞ ይሂድ

በጎንደር በግቢያቸው በለስ የሚተክሉ ሰዎች ቁራጭ ቅርንጫፍ መለዋወጣቸው ደስ የሚያሰኝ ልማድ ነው። የምቃወመው፣ ቁራጩ ከየትኛው ዛፍ እንደተወሰደ ሳይነገር፣ የባሕር ማዶ ስም ብቻ ተለጥፎበት ከእጅ ወደ እጅ መተላለፉን ነው።

ችግሩ ከ«በለስ» ቃል ይጀምራል። ገበያ ላይ በለስ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው እሾሃማውን የቁልቋል ፍሬ ነው፤ ይህ ተክል ግን መነሻው የአሜሪካ አህጉር ሲሆን፣ አዳምና ሔዋን ቅጠሉን ሰፍተው ከለበሱት በለስ ጋር ዝምድና የለውም። የእውነተኛው በለስ ዘመዶች ሾላና ዋርካ ናቸው። ያም ሆኖ ይህ መደናገር ፍሬውን በማየት ብቻ ይፈታል፤ የዝርያ ስም ሲሳሳት ግን የሚታወቀው ዓመታት ከባከኑ በኋላ ነው።

በለስ በዘር ሲራባ እናቱን አይመስልም፤ በቁራጭ ሲራባ ግን አዲሱ ዛፍ በባሕርይው ያው እናት ዛፍ ነው። ስለዚህ በጉዞ ላይ የሚለወጠው ስሙ ነው። ጣልያኖች ዶታቶ የሚሉት በካሊፎርኒያ ካዶታ ተብሏል፤ የቱርኩ ሳሪ ሎፕ እዚያው ካሊሚርና ሆኗል፤ በእንግሊዝና በካሊፎርኒያ ብራውን ተርኪ የሚባሉት ደግሞ ስማቸው አንድ፣ ዝርያቸው ሁለት ነው።

ሳሪ ሎፕን የሚጨምረው፣ ስሚርና የሚባለው የበለስ ዓይነት ታሪክ ለእኛም ትምህርት አለው። በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. የካሊፎርኒያ አትክልተኞች ከቱርክ ያስመጡት ቁራጭ አድጎ ቢያፈራም ፍሬው ሳይበስል ይረግፍ ስለነበር፣ የማይረባ ዛፍ ሰጥተው አታለሉን ብለው ጠርጥረው ነበር። ምክንያቱ ግን ይህ ዓይነት በለስ ፍሬው እንዲጸና የወንዴ በለስን ብናኝ የምታመጣ ጥቃቅን ተርብ የሚፈልግ መሆኑ ነበር፤ ተርቧ እዚያ የለመደችው በ1899 እ.ኤ.አ. ነው። አንድ የአዘዞ ሰው እንዲህ ያለውን ቁራጭ በሌላ ስም ቢቀበል፣ ፍሬው በረገፈ ቁጥር አፈሩን እየወቀሰ ውኃና ፍግ ሲጨምር ዕድሜውን ይፈጃል።

እኔም ከአንድ ችግኝ ሻጭ፣ ሲበስል ቆዳው ቡናማ የሚሆነው ብራውን ተርኪ ነው ተብሎ የተሰጠኝን ተክዬ፣ በሦስተኛው ዓመት ያገኘሁት ቆዳው ሲበስልም አረንጓዴ የሆነ ፍሬ ነው። ዛፉን አልጠላሁትም፤ ጣዕሙ ግሩም ነው። የሚቆጨኝ፣ ፍሬውን ሳላይ ከእርሱ ቆርጬ ለአራት ጎረቤቶቼ በዚያው ስም ማደሌ ነው። ስሙን ላርም በየቤታቸው ስዞር፣ አንዲት እናት እርሳቸውም በተራቸው ለዘመዶቻቸው እንዳካፈሉ ነገሩኝ፤ ስሕተቱ በእኔ እጅ አልፎ እኔ ወደማላውቀው ግቢ ገብቷል ማለት ነው።

በሽታም አብሮ ይጓዛል። የበለስ ቅጠልን ቢጫ ዝንጉርጉር የሚያደርገው የሞዛይክ በሽታ ከታመመ ዛፍ በተቆረጠ ቅርንጫፍ ይተላለፋል፤ እናት ዛፉ የታወቀ እንደሆነ ግን ተቀባዩ ሄዶ ቅጠሉን አይቶ መወሰን ይችላል።

የምጠይቀው ከባድ አይደለም። ቁራጩ ላይ የግቢው ቦታ፣ የተቆረጠበት ወርና ዓመት፣ እንዲሁም ሰጪው ፍሬውን በዓይኑ ያየ መሆን አለመሆኑ ይጻፍ። የዝርያው ስም በእርግጥ ካልታወቀ ዛፉ በቆመበት ሰፈርና በፍሬው መልክ ይጠራ። የእኔው ዛፍ ከአሁን በኋላ «የአራዳው አረንጓዴ» ነው፤ ስሙን ለአራቱም ጎረቤቶቼ በወረቀት ጽፌ ሰጥቻቸዋለሁ፤ ለእናታችን ግን ለዘመዶቻቸው የሚያደርሱት ተጨማሪ ቅጂ ጨምሬላቸዋለሁ።