ቮሚቶሪየም የማስታወኪያ ክፍል አይደለም

«የሮማ ባለጠጎች ግብዣ ላይ ሲጠግቡ ቮሚቶሪየም ወደሚባል ክፍል ገብተው ያስመልሱና እንደገና ለመብላት ይመለሱ ነበር» የሚለው አባባል በሰፊው ተሰራጭቷል፤ ግን ስህተት ነው። ሮማውያን በዚህ ስም የሚጠሩት የማስታወኪያ ክፍል አልነበራቸውም።

ቮሚቶሪየም የቲያትርና የአምፊቲያትር (ዙሪያውን በደረጃ መቀመጫ የተከበበ የትርኢት ሜዳ) መተላለፊያ ነው፤ ከመቀመጫ ደረጃዎቹ ሥር አልፎ ተመልካቹን ወደየረድፉ የሚያወጣ ዋሻ መሰል መንገድ። ያሳሳተው የቃሉ ሥር ነው። «ቮሜሬ» የሚለው የላቲን ግስ አስታወከ ከማለት በተጨማሪ በኃይል ተፋ፣ ገፍቶ አወጣ ማለትም ነው። መጨረሻው ላይ ያለው «ቶሪየም» ደግሞ ቦታን ያመለክታል፤ ኦዲቶሪየም መስሚያ ቦታ እንደሆነ ሁሉ። ስለዚህ ቮሚቶሪየም «መትፊያ» ነው፤ የሚተፋው ግን ሕዝብ ነው። በ5ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የኖረው ጸሐፊ ማክሮቢየስም ስሙን ያብራራው በዚሁ መንገድ ነው፦ ሰዎች ተግተልትለው ገብተው በመቀመጫዎቹ ላይ የሚፈሱበት በር ይለዋል።

በ80 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የተመረቀውን የሮም ከተማ ትልቅ አምፊቲያትር ኮሎሲየምን ተመልከቱ። በምድር ወለሉ ዙሪያ 80 ቅስቶች አሉት፤ 76ቱ በላያቸው የሮማ ቁጥር ተቀርጾባቸው የሕዝብ መግቢያ ነበሩ። ከ23 እስከ 54 ያሉት ቁጥሮች ዛሬም ይነበባሉ። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ሳይጨናነቅ የሚገባውና የሚወጣው በነዚህ በሮች፣ በደረጃዎቹና በቮሚቶሪየሞቹ ቅንጅት ነበር።

ከመጠን በላይ በልተው የሚያስመልሱ ሮማውያን አልነበሩም ማለት አይደለም፤ ፈላስፋው ሴኔካ «ለመብላት ያስመልሳሉ፣ ለማስመለስ ይበላሉ» ብሎ ነቅፏቸዋል። ለድርጊቱ የተለየ ክፍል ነበራቸው ግን አላለም።