ይድረስ ለክቡር አምስት ደቂቃ

ቁጥር፦ የቤት ቁጥር የሌለው ሰው የደብዳቤ ቁጥር ከየት ያመጣል
ቀን፦ ሐምሌ፣ ዝናቡ ሳያባራ
ጉዳዩ፦ ከአያት ባቡር ጣቢያ እስከ ወይዘሮዋ በር ድረስ ስላለው ርቀት

ክቡርነትዎ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ ምስጋና ለእርስዎ ይሁንና በአጎቴ ልጅ ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ጫማዬን ግድግዳ አስደግፌ እስኪደርቅ እየጠበቅሁ ነው። አራተኛ ፎቅ ነው። ከዚህ ላይ ሆነው ሲያዩት ሁሉም ሰፈር አጠገብ ለአጠገብ ይመስላል። እርስዎም የተወለዱት እንዲህ ካለ በረንዳ ላይ ሳይሆን አይቀርም።

ራሴን ላስተዋውቅ። ከደሴ በሥራ ዝውውር ከመጣሁ ሰባተኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። መሥሪያ ቤቴ ሜክሲኮ አካባቢ ነው። ባለቤቴና የአራት ዓመት ልጃችን ቤት እስካገኝ ድረስ ደሴ ቀርተዋል። እኔና እርስዎ የተዋወቅነው በመጣሁ በማግስቱ ሲሆን የመጀመሪያው ደላላ «ቤቱ አምስት ደቂቃ ነው» ሲለኝ ሰፈር መስለውኝ ነበር። አይፍረዱብኝ፤ አራት ኪሎ፣ አምስት ኪሎ፣ ስድስት ኪሎ የሚባሉ ሰፈሮች ያሉት ከተማ አምስት ደቂቃ የሚባል ሰፈር ቢኖረው ምን ያስደንቃል? እንዲያውም «ታክሲው አምስት ደቂቃ ድረስ ይገባል?» ብዬ ጠየቅሁት። ደላላው ሳይስቅ «ይገባል» አለኝ።

የጀሞውን አልቆጥርብዎትም። ያን ቀን አምስት ደቂቃው ከጀሞ አንድ እንጂ ከጀሞ ሦስት እንዳልሆነ ማጣራት የእኔ ፋንታ ነበር። «ሚካኤል ጋ ውረድ» ተብዬ ሲኤምሲ ሚካኤል ቆሜ ደላላው የካ ሚካኤል የጠበቀኝንም ትቼዋለሁ። ከድሮው ዳቦ ቤት ፊት ለፊት ታጠፍ ያለኝንም እንዲሁ፤ ዳቦ ቤቱ በኮሪደር ልማቱ ፈርሷል፣ ሰውዬው ግን እስከ ዛሬ በሌለ ዳቦ ቤት ይታጠፋል። የዛሬው ደብዳቤ ስለ ትናንት ነው።

ትናንት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ስልኬ ጠራ። «ወንድሜ፣ ዕጣ ክፍልህ የሆነ ቤት አግኝቼልሃለሁ። ሁለት ክፍል ሰርቪስ፣ ሽንት ቤቱ ለብቻው፣ ውሃ የማይጠፋበት፣ ከአያት ባቡር አምስት ደቂቃ።»

ባቡር የሚለውን ስሰማ ለምን እንደዘለልኩ ልንገርዎ። በዚህ ከተማ ሰፈር እንድመርጥ ያልመከረኝ ሰው የለም። ጀሞ የሚኖረው ባልደረባዬ ጀሞን ያመሰግናል፣ አስኮ የምትኖረው አስኮን። ያመሰገኑትን ሰፈር በማግስቱ ጠዋት ያረፈዱበት ምክንያት አድርገው ለአለቃ ሲያቀርቡት እሰማለሁ። «ኮዬ ፈጬ ኪራዩ ረከስ ይላል» ያለኝን ሰው ጠዋት ስንት ሰዓት እንደሚነሣ ብጠይቀው ወሬ ለወጠ። ካዛንቺስና ቦሌ ላሉኝ ሰዎች ደመወዜን ላለመናገር ስል አመስግኜ ዝም አልኩ። በመጨረሻ ሰው መጠየቁን ትቼ ካርታ ዘረጋሁ። በ2008 ሥራ የጀመረው የከተማው ባቡር የምሥራቅ ምዕራብ መስመሩ ከአያት ይነሣል፤ በሲኤምሲ፣ በጉርድ ሾላ፣ በመገናኛ፣ በሃያ ሁለት፣ በስታዲየም አልፎ ሜክሲኮ ያደርሰኝና ወደ ጦር ኃይሎች ይቀጥላል። አያት መነሻው ስለሆነ መቀመጫ አገኛለሁ። ታክሲ አልቀያይርም፣ መገናኛ ላይ አልጋፋም። የስድስት ሳምንት ጥናቴ ውጤት ይህ ነበር፤ ደላላው በአንድ ስልክ አጸደቀልኝ።

ጣቢያው ላይ ስወርድ ደላላው ጃንጥላ ይዞ፣ ቦት ጫማ አድርጎ ጠበቀኝ። ቦት ጫማ! አምስት ደቂቃ የሚራመድ ሰው ቦት ጫማ እንደማያደርግ ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ።

ሰዓቴን አየሁ፤ አራት ሰዓት ከአሥር። አስፋልቱን ጨረስን። ኮብልስቶኑን ጨረስን። ከኮብልስቶኑ ቀጥሎ ገረጋንቲ ነበር፣ እሱንም ጨረስን። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ገና ስም አልወጣለትም። ጅምር ሕንፃዎችን አለፍን፣ የቆርቆሮ አጥሮችን አለፍን፣ «የት ደረስን?» ባልኩት ቁጥር «እዚህችው ናት» ይለኛል። ይህቺ «እዚህችው ናት» የእርስዎ ታናሽ እኅት ሳትሆን አትቀርም፤ መልክ ትመሳሰላላችሁ። አንድ ልጅ ቢጫ ጀሪካኖች የሞላ ጋሪ እየገፋ አለፈን። «ውሃ አይጠፋም ብለኸኝ አልነበረም?» አልኩት። «እሱ ለመጠባበቂያ ነው» አለኝ። ቀጥሎ ወንዝ ለመሆን የምትሞክር ቦይ መጣች፤ በላይዋ አንድ ጣውላ ተጋድሟል። ደላላው እጄን ይዞ እንደ ሙሽራ አሻገረኝ። እኔ ተሻገርኩ፤ የግራ ጫማዬ ግን ጭቃው ውስጥ ቀርቶ በእንጨት ነው የወጣው።

መንገድ ላይ ምክርም ሰጥቶኛል። «ሴትዮዋ ጥሩ ናቸው፤ ልጅ ካለ ግን አይሰጡም። የለኝም በል። ከገባህ በኋላ ልጅቷ ብትመጣ ምን ያደርጋሉ?» ሰምቼ እንዳልሰማ ሆንኩ።

በሩ ጋ ስንደርስ አራት ሰዓት ከሃምሳ ሆኗል። ስምንት እርስዎን ጫፍ ለጫፍ ደርድሬ ማለት ነው። ይህን ስለው «እኔ በባጃጅ ነው ያልኩህ» አለ።

ወይዘሮዋ የብረቱን በር በአንድ ወገን ከፍተው መግቢያው ላይ ቆሙ። ከኋላቸው በረንዳው ላይ የሕፃን ብስክሌት ተጋድሟል። ቤቱን አላሳዩኝም፤ መጀመሪያ እኔን ማየት ፈለጉ። የት ነው የምትሠራው? ደመወዝህ ስንት ነው? እንግዳ ይበዛብሃል? በኤሌክትሪክ ምጣድ ትጋግራለህ? ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ በር አይከፈትም። ክፍያው የስድስት ወር በቅድሚያ። አገርህ የት ነው? የእናትህስ? የቀጠሮ ወረቀት እንደያዘ ሕመምተኛ ተራ በተራ መለስኩ። ከዚያ በኋላ፣

«ልጅ አለህ?»

ደላላው ከኋላዬ ኮቴን ሳብ አደረገው።

«የለኝም» አልኩ።

ጴጥሮስ እንኳ የካደው በሌሊት ነው፣ ነፍሱንም ፈርቶ ነው። እኔ በቀን ብርሃን፣ ለሁለት ክፍል ሰርቪስ፣ አንድ ጊዜ ተጠይቄ አንድ ጊዜ ካድሁ። ዶሮ አልጮኸም፤ የጮኸው ስልኬ ነው። ባለቤቴ ቅዳሜ ቅዳሜ በዚህ ሰዓት ትደውላለች። ለመዝጋት ብዬ ጭቃ በነካው ጣቴ ብነካው ተከፈተ፣ ያውም ድምፁ እስከ ግቢው ውስጥ የሚሰማ ሆኖ።

«አባዬ፣ ቤቱ ውሻ አለው?»

ማንም አልተናገረም። ወይዘሮዋ ስልኩን አዩት፣ ጫማዬን አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። «የለኝም አላልክም?» አሉና በሩን ዘጉት። አልወረወሩትም፤ ቀስ አድርገው ነው የዘጉት፤ መቀርቀሪያው ሲገባ ተሰማኝ። ሰዓቴን አየሁ፤ አራት ሰዓት ከሃምሳ አምስት። በሰባት ሳምንት ውስጥ ልክዎን ጠብቀው፣ አንድ ደቂቃ ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ያገኘሁዎት እዚያ በር ላይ ብቻ ነው።

አንተ ነህ ያስካድከኝ። አዎ፣ አንተ! ከባቡሩ ወርጄ በእውነተኛ አምስት ደቂቃ ያ በር ላይ ብደርስ ኖሮ «አለችኝ፣ አራት ዓመቷ ነው» ብዬ፣ እምቢ ካሉኝም ዞሬ ወደ ባቡሬ እመለስ ነበር። አርባ ደቂቃ ጭቃ አቡክቶ የመጣ ሰው ግን ባዶ እጁን መመለስ ያቅተዋል። ደላሎችህ ይህን አሳምረው ያውቃሉ። ቅርብ ነው የሚሉት ሩቅ መሆኑ ጠፍቷቸው አይደለም፤ የደከመ ሰው ዋጋ አይከራከርም፣ ውሃው የት አለ አይልም፣ የተባለውን ሁሉ እሺ ይላል። ልጅህን ካድ ቢባልም እሺ ይላል። ደግሞስ ልጅ ያለው ሰው አይከራይም የሚል ከተማ ልጆቹ የት እንዲያድጉ ነው የሚፈልገው? ግድግዳ ላይ ይጽፋሉ ይላሉ። ይጽፋሉ እንጂ! ልጅ ግድግዳ ላይ ያልጻፈበት ቤት ምኑ ቤት ነው? ያ ብስክሌት የማን ነው?

ይቅርታ ክቡርነትዎ። አንተ ማለቴ ከድካም ነው፣ ይለፉኝ።

ደላላው በሩ ፊት ቆመን ሳለን ለማሳያ ሁለት መቶ ብር ጠየቀኝ። «ምን አሳየኸኝ? ቤቱን አላየሁትም» አልኩት። «ጥፋቱ የእኔ አይደለም፤ ስልክህን መዝጋት ነበረብህ» አለ። ከፈልኩ። የመመለሻውን መንገድ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር።

በመመለሻው ላይ ስለዚያ የስድስት ወር ቅድሚያ አነሣሁበት። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አከራይ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ መጠየቅ አይችልም፣ ውሉም ከሁለት ዓመት አያንስም፣ መመዝገብም አለበት ይላል ብዬ በስልኬ ያነበብኩትን ዘረዘርኩለት። ጣውላው ላይ እያሻገረኝ «አዋጁ ከባቡሩ እዚህ ድረስ በስንት ደቂቃ ይደርሳል?» ሲል ጠየቀኝ። ከእርስዎ ጋር ብዙ የኖረ ሰው ነው።

እርግጥ ቤቱን ባገኘውም ውል ለመዋዋል ገና ነኝ። አከራይ የዚህ ከተማ መታወቂያ ይፈልጋል። ወረዳው መታወቂያ የሚሰጠኝ ከደሴ መሸኛ ሳመጣ ነው፤ መሸኛውን አመጣሁ። መሸኛው ላይ የምኖርበት ቤት ቁጥር ይጨመር ተባልኩ። የቤት ቁጥሩ የሚገኘው ከኪራይ ውሉ ነው። ውሉ ደግሞ ያለ መታወቂያ አይፈረምም። ይህን ለመስኮቷ ሠራተኛ ሳስረዳት በትሕትና አዳመጠችኝና «አምስት ደቂቃ ይቀመጡ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» አለችኝ። እርስዎ እዚያም ይሠራሉ ለካ! ስብሰባው ምሳ ደረሰ፣ ምሳው ዘጠኝ ሰዓት ደረሰ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲስተም የለም ተባለ። ወረፋውን ለእርስዎ አልገልጽልዎትም፤ ውሎዎ እዚያ ነው።

ደሴ ላይ እርስዎን የሚያውቅዎት ሰው ጥቂት ነው። ከፒያሳ ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር «ወዲያ ነው» እንላለን እንጂ በደቂቃ አንለካም፤ ዳገቱን ሁሉም በጉልበቱ ስለሚያውቀው ለመዋሸት አይመችም። እዚህ ግን ለእንግዳ ሰው እውነቱን ፊት ለፊት ሲናገር ያገኘሁት የሰፈር ስም አንድ ብቻ ነው፤ እሪ በከንቱ። ቤት ፈላጊ ያወጣው ስም ይመስለኛል።

ስለዚህ ልመናዬ ቀላል ነው። ዓመቱን ሙሉ በደላላ አፍ፣ በወረዳ መስኮት፣ በጋራዥና በምግብ ቤት ሲለፉ ኖረዋልና የዓመት ዕረፍትዎን ይውሰዱ። በሌሉበት ታላቅ ወንድምዎ አርባ ደቂቃ ይወክልዎት። እሱ ከባድ ነው ይሉታል እንጂ ሐቀኛ ነው። «ከአያት ባቡር አርባ ደቂቃ፣ ጭቃ አለው፣ ልጅ አይፈልጉም» ቢለኝ ኖሮ ወይ እቀር ነበር፣ ወይ ቦት ጫማ ገዝቼ እመጣ ነበር።

ማታ መልሼ ደሴ ደወልኩ። ባለቤቴ ስለ በሩ አንድም ነገር አልጠየቀችኝም፤ መስማቷን ግን በድምፅዋ አውቄዋለሁ። ልጄ ስለ ውሻው ጠየቀችኝ። ቤቱን ስላላየሁት ምን እንደምመልስላት ቸግሮኝ፣ ሳላስበው «አምስት ደቂቃ ቆይቼ ልደውልልሽ» አልኳት።

ከሰላምታ ጋር
አድራሻው ወደፊት የሚገለጽ ተከራይ

ግልባጭ፦
ለክብርት «እዚህችው ናት»
ለ«ውሃ አይጠፋም» (በጀሪካን)
ለአቶ አርባ ደቂቃ፣ ለውክልናው እንዲዘጋጁ
ለልጄ፣ ማንበብ ስትጀምር እንዳይደርሳት